ለትልቅ ሰው የምትሆን መኪና

በአገራችን "ወፈርክ" ማለት ስድብ አልነበረም። ተለያይተው የከረሙ ሰዎች ሲገናኙ ከሰላምታው ቀጥሎ "ተመችቶሃል መሰለኝ፣ ወፍረሃል!" ሲባባሉ መስማት ዛሬም ያለ ነው። ግዙፍ ሰው ሲገባ ቤቱ ሞላ፣ ግርማ ሞገስ አለው ይባላል። ይህ ሁሉ ምስጋና ግን መኪና ሲገዛ አይሠራም። ሻጩም ደላላውም ስለ ሞተሩ፣ ስለ ቀለሙ፣ ስለ ተነዳው ኪሎ ሜትርና ስለ ዋጋው ሲያወሩ ይውላሉ እንጂ "ማን ነው የሚነዳት? ቁመቱ ስንት ነው?" ብሎ የሚጠይቅ እስካሁን አልገጠመኝም። ሱሪ እንኳ ሳንለካ የማንገዛ ሰዎች፣ ከቤት ቀጥሎ ብዙ ገንዘብ የምናወጣበትን ዕቃ ያለ ልክ እንገዛለን።

ለዚህ ሳምንት ይህን ርዕስ የመረጥኩት የቤቴም ጉዳይ ስለሆነ ነው። ባለቤቴ ቁመቱ 1 ሜትር ከ90፣ ክብደቱ 145 ኪሎ ነው። ቁጥሩን እንድጽፈው ፈቃዱን ጠይቄዋለሁ። "ሰፈሩ ሁሉ በዓይኑ መዝኖኝ የለም እንዴ፣ ምን ይደበቃል?" ነበር መልሱ። ጡረታ ከወጣ ወዲህ ሁለቱን የልጅ ልጆቻችንን ትምህርት ቤት የሚያደርሰውም የሚመልሰውም እሱ ነው። ታዲያ ለዓመታት ይህን ሥራ ይሠራባት የነበረችው ለእኔና ለልጄ የምትመቸው ትንሿ መኪናችን ነበረች። ለእሱ እንደማትመቸው ሁላችንም እናያለን፤ እሱ ግን "ደህና ነኝ" ባይ ነው።

ባለፈው ዓመት አንድ ዘመዳችን አርፈው ለቅሶ ሄድን። መኪናዋን ድንኳኑ ፊት ለፊት አቆመና ሊወርድ ሲል አቃተው። ወንበሩ እስከ መጨረሻው ወደኋላ ተገፍቷል፤ በፊትና በኋላ በር መካከል ያለው ምሰሶ ትከሻውን ይዞታል፤ መሪው ሆዱን ይዞታል። ሁለት ወጣቶች መጥተው አንዱ እጁን፣ አንዱ ብብቱን ይዘው አወጡት። ሰው አልሳቀም፤ ለቅሶ ቤት አይሳቅም። እሱ ግን ቢስቁ ይሻለው ነበር። ከዚያ ቀን በኋላ ምክንያት በዛ። አንድ ቀን ጎማው ልሟል፣ አንድ ቀን ወገቡን ብርድ መቶታል፣ ሌላ ቀን ደግሞ "ክረምቱ ይውጣና" ይላል። ደብረ ብርሃን ያሉትን አክስቱን በየወሩ ይጠይቅ የነበረ ሰው ስልክ ብቻ ይደውል ጀመር። መንዳት ሰለቸኝ አለ።

ከዚህም የባሰ ነገር ነበር። የመኪናዋ ቀበቶ አይደርስለትም። ልጆቹን ከኋላ አሳስሮ፣ እሱ ትራፊክ ፖሊስ ሲያይ ብቻ ቀበቶውን ስቦ በእጁ ይይዘዋል። በመኪናዋ ውስጥ ካሉት ሁሉ ያልታሰረው መሪ የያዘው ሰው ነበር ማለት ነው።

ጉዳዩ ለቤተሰብ ሲቀርብ ወንዱ ልጃችን "አባዬ መኪና ከሚለወጥ ክብደቱን ቢቀንስ አይሻልም?" አለ። ብዙ ቤት ውስጥ የሚባል ነገር ስለሆነ መልሴን እዚህም እደግመዋለሁ። ክብደት የሐኪምና የባለቤቱ ጉዳይ ነው፤ ቢሳካ እሰየው፤ ግን ወራትና ዓመታት ይፈጃል። ልጆቹ ትምህርት ቤት የሚሄዱት ነገ ጠዋት ነው። ቀበቶ የሚይዘው ዛሬ ወንበሩ ላይ ያለውን ሰው እንጂ ወደፊት የሚሆነውን ሰው አይደለም። ደግሞስ ቁመትን ማን ይቀንሰዋል?

ስለዚህ ከመኪና ተራ በፊት የልብስ ሰፊ ሜትር ይዤ ባለቤቴን ለካሁት። ይህን ሳደርግ የተማርኩትን፣ መኪና ስናማርጥ በከረምንባቸው ሳምንታትም ያየሁትን እነሆ።

ቀበቶው ካልደረሰ ሌላው ሁሉ ይቆይ

የመጀመሪያው ፈተና ቀበቶ ነው። መኪናዋ ምንም ብታምር ቀበቶዋ ካልታሰረ አትሆንም፤ ወደሚቀጥለው ጥያቄ መሄድ አያስፈልግም።

ቀበቶ አጠረ ማለት የሰውየው ጥፋት እንዳልሆነ መጀመሪያ ይታወቅ። በአሜሪካ የመኪና ደህንነት ደንብ ቀበቶ ሊበቃው ይገባል ተብሎ የተቀመጠው ትልቁ አዋቂ ወንድ ክብደቱ 98 ኪሎ ገደማ ነው። ከዚያ በላይ ለሆነ ሰው የሚበቃው አምራቹ በራሱ ፈቃድ አስረዝሞት ከሆነ ብቻ ነው። በግጭት ሙከራ ላይ በብዛት የሚቀመጠው ሰው መሳይ አሻንጉሊትም ክብደቱ 78 ኪሎ አካባቢ ነው። መኪና የሚታሰበው ለመካከለኛ ሰው ነው፤ ከመካከለኛ በላይ የሆነ ሰው የራሱን ልክ ይዞ መሄድ አለበት።

ሲሞክሩ እንዲህ ያድርጉ። ወንበሩን ለመንዳት በሚመችዎ ቦታ ካደረጉ በኋላ ቀበቶውን ይሰሩት። የታችኛው ክፍል ከሆድ በታች፣ ዳሌ አጥንት ላይ መተኛት አለበት። የላይኛው በትከሻ መካከልና በደረት ላይ ያልፋል፤ አንገትን አይነካም፣ ከትከሻም አይወርድም። እናቶች ይህን ያውቁታል፤ ለነፍሰ ጡር የሚሰጠው ምክር ያው ነው። ቀበቶው ሆድ ላይ ከወጣ መኪናው በድንገት ሲቆም የሚጫነው አጥንቱን ሳይሆን ለስላሳውን የሆድ ዕቃ ነው። አስረው ሲጨርሱ ቢያንስ አንድ ስንዝር ትርፍ ቢኖረው መልካም ነው፤ የክረምት ካፖርት ወይም ወፍራም ሹራብ ሲጨመር ያ ስንዝር ያልቃልና። ለዚህ ነው ባለቤቴ በጠራራ ፀሐይ ካፖርቱን ለብሶ መኪና ሲሞክር የነበረው። ደላላው አሞታል ብሎ አስቦ ነበር።

አንዳንድ አምራቾች የቀበቶ ማስረዘሚያ አላቸው። ከተገኘ ለዚያው መኪና ተብሎ በአምራቹ የተሠራው መሆን አለበት፤ ከየትም የተገዛ ማስረዘሚያ ቆልፎ ቢታይም በክፉ ቀን ላይይዝ ይችላል። የሚጠቀምበትም ያለ እሱ የማይደርስለት ሰው ብቻ ነው። ለሌላው ሰው፣ በተለይም ለሕፃናት፣ ቀበቶውን ያላቦታው ስለሚያሳርፈው ይጎዳል እንጂ አይጠቅምም። ጩኸቱን ለማቆም ብቻ ምላሱን ቆልፎ ቀበቶውን ከጀርባ ማሳለፍ ወይም ላዩ ላይ መቀመጥ ደግሞ ራስን ማታለል ነው። ዝም የሚለው መኪናው ነው፤ አደጋው ዝም አይልም።

ከመሪው ምን ያህል ይርቃሉ?

ሁለተኛው መለኪያ በደረትና በመሪ መካከል ያለው ርቀት ነው። ኤርባግ ከመሪው ውስጥ የሚወጣው ዓይን ተርገብግቦ ሳያበቃ ነው፤ ስለዚህ ቦታ ይፈልጋል። የአሜሪካ የመንገድ ደህንነት መሥሪያ ቤት የሚመክረው ከመሪው መሃል እስከ ደረት አጥንት ቢያንስ 25 ሴንቲ ሜትር እንዲኖር ነው። ይህ ከአንድ ረጅም ስንዝር ትንሽ ይበልጣል። ሆዱ ትልቅ የሆነ ሰው በተጨማሪ የመሪውን የታችኛውን ጠርዝ ይመልከት። መሪውን እስከ መጨረሻው ወደ ቀኝም ወደ ግራም ሲያዞሩት ሆድን ወይም ጭንን የሚፈጭ ከሆነ ጠባብ መንገድ ላይ መዞር ሥቃይ ይሆናል።

"ወንበሩን ወደኋላ ግፋው" የሚለው መፍትሔ ግማሽ መንገድ ብቻ ነው የሚሄደው። ወንበሩ ወደኋላ ሲሄድ እግር ከፍሬኑ ይርቃል፤ እጅም ከመሪው ይርቃል። የሚያስፈልገው መሪው ራሱ የሚንቀሳቀስ መኪና ነው። እዚህ ላይ ልብ በሉ፤ የብዙ ትንንሽና አሮጌ መኪኖች መሪ ከፍና ዝቅ ይላል እንጂ ወደ ነጂው አይሳብም፣ ከነጂውም አይርቅም። ሁለቱንም የሚያደርግ መሪ ለግዙፍ ሰው ከቆዳ ወንበር በላይ ዋጋ አለው። እንቅስቃሴውን ተራ በተራ እንዲህ አስተካክሉ፦ መጀመሪያ ፍሬኑን እስከ ታች ሲረግጡ ጉልበት ትንሽ ታጥፎ እንዲቀር ወንበሩን፣ ቀጥሎ መደገፊያውን፣ ቀጥሎ መሪውን፣ በመጨረሻ መስታወቶቹን።

የእግር ቦታም ይታይ። ባለቤቴ 47 ቁጥር ጫማ ነው የሚያደርገው። አንዳንድ መኪና ላይ ፍሬን ሲረግጥ የጫማው ጠርዝ ነዳጅ መስጫውን ይነካ ነበር። በከተማችን ከጃፓን መጥተው መሪያቸው ከቀኝ ወደ ግራ የተዛወረ መኪኖች ጥቂት አይደሉም። እንዲህ ያለች መኪና ከሆነች ፔዳሎቹ ከወንበሩ ትይዩ መሆናቸውን፣ ኤርባጉም በቦታው መኖሩን በሚያውቅ ባለሙያ ማስፈተሽ ይገባል። መካከለኛ ሰው የማያስተውለው መጣመም ትልቅ ሰውን በግማሽ ሰዓት ውስጥ ወገቡን ይይዘዋል።

መግባት ቀላል ነው፣ መውጣት ነው ጭንቁ

ብዙ ሰው መኪና የሚሞክረው ገብቶ ተቀምጦ "አዎ፣ ትሰፋለች" በማለት ነው። እኔ ግን መውጣቱን አስቀድማለሁ። አምስት ጊዜ ይግቡ፣ አምስት ጊዜ ይውጡ። በአምስተኛው ላይ ሰውነት እውነቱን ይናገራል።

የወንበሩ ከፍታ ዋናው ነገር ነው። ዝቅ ያለ አውቶሞቢል ላይ ሰው ይወድቃል እንጂ አይቀመጥም፤ ሲወጣም ሙሉ ክብደቱን በጉልበቱ ማንሳት አለበት። በጣም ከፍ ያለ ባለ አራት ጎማ ነጂ መኪና ላይ ደግሞ መሰላል እንደ መውጣት ነው፤ ጉልበቱን ለሚያመው ሰው ይህም አይሆንም። የሚሻለው በሩ ተከፍቶ አጠገቡ ሲቆሙ የወንበሩ ጠርዝ ከጉልበት በላይ፣ ከመቀመጫ ትንሽ ዝቅ ብሎ የሚገኝበት ነው። ሰውየው ጎኑን ሰጥቶ ይቀመጣል፣ ከዚያ እግሮቹን ያስገባል። ለአያቶችም የሚመቸው ይኸው ነው፤ ስለዚህ ቤት ውስጥ ግዙፍ ሰው ባይኖርም አረጋዊ ካለ ይህን መለኪያ ያዙት።

ቀጥሎ ያ ለቅሶ ቤት የያዘን ምሰሶ ነው። ረጅም ሰው ወንበሩን ወደኋላ ሲገፋ ትከሻው ከምሰሶው ኋላ ይሆናል፤ የበሩ ክፍተት ደግሞ ከፊቱ ይቀራል። ስለዚህ በሩን የምትለኩት ወንበሩ ወደፊት ሳለ ሳይሆን በነጂው ልክ ከተገፋ በኋላ ይሁን።

መኪናዋ የምታድርበትንም ቦታ አትርሱ። 2.5 ሜትር ስፋት ያለው የኮንዶሚኒየም ማቆሚያ ላይ 1.85 ሜትር ስፋት ያላት መኪና መሃል ላይ ብትቆም በየጎኗ የሚተርፈው 32 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። በዚያ ክፍተት ቀጭን ልጅ ይወጣል፤ ባለቤቴ አይወጣም። ከነጂው በር በኩል ግድግዳ ወይም የጎረቤት መኪና እንዳይሆን ማቆሚያውን አስቀድሞ ማየት ከመኪናዋ ምርጫ አይለይም።

የውጭ ስፋት አያታልላችሁ

"ቤተሰብ ትልቅ ነው፣ ባለ ሰባት ወንበር ግዙ" የሚል ምክር በብዛት ሰማን። የወንበር ብዛትና የነጂው ስፋት ግን አይገናኙም። በከተማችን የምናውቃት የመጀመሪያዋ ቪትዝ ስፋቷ 1.66 ሜትር ነው። ሰባት ሰው የምትይዘው አቫንዛ፣ በ2011 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር የወጣችው፣ ስፋቷ ያው 1.66 ሜትር ነው። ቁመትና ርዝመት ተጨምሮላታል፤ የነጂው ትከሻ የሚያርፍበት ወርድ ግን አልተጨመረም። ለልጆች ብዛት ጥሩ መልስ ናት፤ ለነጂ ግዙፍነት ግን ሌላ ጥያቄ ነው።

ለዚህም ምክንያት አለው። በጃፓን ስፋቷ ከ1.70 ሜትር፣ ርዝመቷ ከ4.70 ሜትር የማይበልጥ መኪና በአነስተኛ መደብ ትመዘገባለች። ስለዚህ ለዚያ ገበያ የታሰቡ ብዙ የቤት መኪኖች 1.695 ሜትር ላይ ይቆማሉ። የአዲስ አበባ ትልቅ ሰው የሚጨናነቀው በሌላ አገር መዝገብ ምክንያት ነው ማለት ነው።

በተቃራኒው ደግሞ ከውጭ ሰፊ ሆና ከውስጥ የምትጠብ አለች። የበሮቹ ውፍረት፣ በሁለቱ የፊት ወንበሮች መካከል ያለው ሳጥን፣ የወንበሩ ግራና ቀኝ ከፍ ያለው ስፖንጅ ሁሉም ቦታ ይወስዳሉ። ያ ስፖንጅ ቀጭን ሰውን ያቅፋል፤ ሰፊ ሰውን ይወጋል። ስለዚህ ሜትሩን በሁለቱ ስፖንጆች መካከል ባለው ጠፍጣፋ ላይ ዘርጉት። ባለቤቴ ሲቀመጥ የዳሌው ወርድ 52 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ ከዚያ በታች የሆነውን ሁሉ አለፍነው። ሰንሩፍ ያላት መኪና ደግሞ ጣሪያዋ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ዝቅ ይላል፤ ለረጅም ሰው ያ ጥቂት ከፀጉሩ ጋር የሚጋጭ ነው። የራስ ማስደገፊያው ከጆሮ በላይ ድረስ መድረስ አለበት፤ አንገት ላይ ከቀረ ከኋላ ሲገጩ አንገትን አያድንም።

ነጂው ወንበሩን ከገፋ በኋላ ከኋላው ሰው ይቀመጣል? ይህንም ሞክሩ። ብዙ ጊዜ መልሱ አይቀመጥም ነው። እኛ የሕፃኑን ወንበር ከተሳፋሪው ኋላ፣ ትልቋን ልጅ መሃል ለማድረግ ወስነን ነው ፍለጋውን የጀመርነው፤ መሃል ላይ በትከሻ የሚያልፍ ቀበቶ የሌላትን መኪናም በዚያው ሰረዝናት።

ሚዛኑም ይቆጠር

መኪና የምትሸከመው ልክ አላት። በጃፓን የመኪና ጠቅላላ ክብደት ሲሰላ አንድ ሰው የሚቆጠረው 55 ኪሎ ተብሎ ነው፤ በአውሮፓ ደግሞ ነጂው ከነ ሻንጣው 75 ኪሎ ተብሎ ይታሰባል። አምስት ሰው በጃፓኑ ስሌት 275 ኪሎ ነው። አሁን የእኛን ቤት ልደምር፦ ባለቤቴ 145፣ እኔ 72፣ ልጄ 63፣ ሁለቱ ሕፃናት 22 እና 18። ድምሩ 320 ኪሎ ይመጣል። ግማሽ ኩንታል ጤፍ ሲጨመር 370። የበዓል በግ አልቆጠርኩም!

ይህ ማለት መኪናዋ መንገድ ላይ ትሰበራለች ማለት አይደለም። ግን ለመቁረጥ ከመስማማት በፊት የመሸከም አቅሟን ከመመሪያ መጽሐፏ ላይ ማንበብ፣ ሞላዋ በነጂው በኩል ያልተኛ መሆኑን ማሳየት፣ የጎማ ንፋስም በነጂው በር ምሰሶ ላይ በተለጠፈው ሠንጠረዥ መሠረት ለሙሉ ጭነት የተጻፈውን ያህል ማስሞላት ያስፈልጋል። ብዙዎቹ መኪኖች ላይ ሁለት ቁጥር አለ፤ አንዱ ለቀላል፣ አንዱ ለሙሉ ጭነት። ለከባድ ቤተሰብ ሁለተኛውን ያስታውሱ። የላመ ጎማ ከባድ ጭነት ተሸክሞ ረጅም መንገድ ሲሄድ ይግላል፤ የሚፈነዳውም እንዲህ ነው።

ኤሌክትሪኮቹስ?

ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ስለተከለከለ አዲስ መኪና የሚገዛ ሰው የሚያየው ኤሌክትሪክ ነው። ለትልቅ ሰው መልካም ጎን አላቸው። ማርሽና ፍሪሲዮን የለም፤ የግራ እግር ያርፋል። ብዙዎቹ ወለላቸው ጠፍጣፋ ነው። በመንገዳችን ላይ በብዛት የሚታየው የቮልስዋገኑ አይዲ ፎር ስፋቱ 1.85 ሜትር ነው፤ ከመጀመሪያዋ ቪትዝ በ19 ሴንቲ ሜትር ይበልጣል። አይዲ ሲክስ የሚባለው ደግሞ ሦስት ረድፍ ወንበር አለው።

ግን አንድ የሚታይ ነገር አለ። ባትሪው ያለው ከወለሉ ሥር ነው። ወለሉ ከፍ ሲል ጉልበት ይነሳል፤ ጭን ከወንበሩ ላይ ተነስቶ ክብደቱ ሁሉ ታፋ ላይ ይወድቃል። ይህ በተለይ ከኋላ ለሚቀመጥ ረጅም ሰው ይሰማዋል። ስለዚህ ትልቁ ሰው ከፊትም ከኋላም ተቀምጦ ይሞክር፤ አንድ ቀን ልጁ ነድቶ እሱ ከኋላ መቀመጡ አይቀርም።

የእኛ ምርጫ

ስድስት መኪና ሞከርን። አንዱ ደላላ በሩን ወለል አድርጎ ከፍቶ "አባቴ፣ ይህቺማ ሜዳ ናት!" አለው። ባለቤቴ ገብቶ ከወጣ በኋላ "ልጄ፣ ሜዳው በክፉ ታጥሯል" ብሎት ሁላችንም ሳቅን። ከለቅሶው በኋላ ስለ ሰውነቱ ሲቀልድ ስሰማው የመጀመሪያዬ ነበር። ሜትር ይዘን ስንዞር ነገሩ ከኀፍረት ወደ ሥራ ተለወጠ፤ የሚለካው መኪናው ሆነ እንጂ እሱ መሆኑ ቀረ።

በመጨረሻ የገዛነው ያገለገለ መካከለኛ ከፍታ ያለው መኪና ነው። መሪው ከፍና ዝቅም ይላል፣ ወደፊትና ወደኋላም ይሄዳል። ቀበቶው ታስሮ አንድ ስንዝር ይተርፋል። እንደ ሌላዋ አያምርም፤ ቀለሙንም ልጄ አልወደደችውም፤ ለእሱ ስንል ሰፊ ስክሪንና ሰንሩፍ ያላትን ትተናታል። የመኪናዋን ስም የማልጽፈው ለእናንተ ቤት ሰው ልክ ላትሆን ስለምትችል ነው። ስሙን ሳይሆን ሜትሩን ውሰዱ።

ምን ለወጠ ብትሉኝ፣ ልጆቹን ሲያደርስ ቀበቶውን መጀመሪያ የሚያስረው እሱ ሆኗል። ደብረ ብርሃንም ሄዶ መጥቷል፤ 130 ኪሎ ሜትር ነድቶ ሲደርስ ማንም እጁን ሳይይዘው ወርዶ አክስቱን ራሱ ስሟቸዋል።

ልጆች ሆይ፣ አባታችሁ ወይም እናታችሁ "መንዳት ሰለቸኝ"፣ "ከቤት መውጣት ጠላሁ" ካሉ፣ እርጅና ነው ብላችሁ ከማለፋችሁ በፊት አንድ ቀን ከጎናቸው ቁሙና ከመኪና ሲወርዱ እዩ። ጉልበታቸውን፣ ትከሻቸውን፣ ቀበቶውን እዩ። ትልቅ ሰው የሚያፍርበትን ነገር አይናገርም፤ ምክንያት ይፈልግለታል እንጂ። አያቶች ደግሞ እናንተ፣ ስትለኩ አትቆጡ። ለሱሪ የተፈቀደ ሜትር ለመኪናም ይፈቀድ።

ሳምንት በሌላ የቤት ጉዳይ እስክንገናኝ ቸር ሰንብቱ።